ስለ ጠፍጣፋ ሸረሪትና ያለ ጥፋቷ ስለምትከሰስበት የቆዳ ቃጠሎ

ልጅ ማታ ደኅና ተኝቶ ጧት ሲነሣ በአንገቱ ወይም በጕንጩ ላይ እሳት የነካው የሚመስል ቀይ መስመር ቢገኝበት፣ በብዙ ቤት የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ሸረሪት ሸንታበት ነው» ይባላል። ወዲያውም ግድግዳው ይፈተሻል፤ አንዲት ሸረሪት ከስንጥቅ አጠገብ ተለጥፋ ከተገኘች በመጥረጊያ ትመታለች፤ ነገሩም ያለቀ ይመስላል። ዳሩ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ቃጠሎ በሌላው ልጅ ክንድ ላይ ይወጣል፤ «ሌላይቱ ናት» ተብሎም ግድግዳው እንደ ገና ይፈተሻል። በዚህ ፍርድ ሁለት ጕዳት አለበት። አንደኛው ቤቱን የምትጠቅም ፍጥረት ያለ በደሏ መገደሏ ነው፤ ሁለተኛውና የሚከፋው ግን እውነተኛው አቃጣይ ሳይታወቅ በመቅረቱ ልጆቹ በገዛ እጃቸው መጐዳታቸው ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ተከሳሺቱን መርምሮ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአቃጣዩም ነገር ከዚያ በኋላ ይነገራል።

በግድግዳ ላይ ተለጥፋ የምትታየው ጠፍጣፋ ሸረሪት ሊቃውንት ሴሌኖፕስ ብለው ከሰየሙት ወገን ናት። ይህ ወገን ከ100 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት፤ በሞቃት አገሮች፣ በአፍሪካም በእስያም በአሜሪካም ይገኛል። ከእነዚህ ሁሉ በአፍሪካ እጅግ ተስፋፍታ የምትኖረው ሴሌኖፕስ ራዲያቱስ የምትባለው ናት፤ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ጀምሮ እስከ አህጉሩ ደቡብ ትገኛለች፤ በምሥራቅ በኩልም መካከለኛውን ምሥራቅ አልፋ ህንድና በርማ ትደርሳለች። በአፍሪካ የምትታወቀው በተለይ ሣርና ግራር በሚበዛበት ሰፊ ሜዳ፣ ይኸውም ሳቫና በሚባለው ሞቃት አገር ነው። በዚያ ቀን ቀን በግራር ቅርፊት ሥር፣ በድንጋይ ሥርና በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅም ወደ ውጭ ትወጣለች። ሰው ቤት በሠራበት ስፍራ ደግሞ የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ፣ የመቃኑ ክፍተትና የተሰቀለው ሥዕል ጀርባ ለእርሷ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሆኖ ያገለግላታል። ወደ ቤት የምትገባው ስለዚህ ነው እንጂ የተኛ ሰው ፈልጋ አይደለም።

ሴሌኖፕስ የሚለውን ስም ያወጣላት በ1819 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ፒየር አንድሬ ላትሬይ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ነው። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ ጨረቃና ዐይን ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። ስለዚህ ሰው ጥቂት ቢነገር ከነገሩ አያርቅም። ላትሬይ በወጣትነቱ የክህነት ትምህርት የተማረ ሰው ነበር፤ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ካህናት ለመንግሥት እንዲምሉ በታዘዙ ጊዜ መሐላውን ስላልፈጸመ ተይዞ በቦርዶ ከተማ ታሰረ። በወኅኒ ቤት ሳለ በክፍሉ ወለል ላይ አንዲት ትንሽ ጢንዚዛ አገኘ። የወኅኒው ሐኪም ሲገባም ላትሬይ አጎንብሶ ጢንዚዛዪቱን በጥንቃቄ ሲመረምር ደረሰበት፤ ምን እንደ ሆነች ቢጠይቀው ብርቅ ዓይነት መሆኗን ነገረው። ሐኪሙ ጢንዚዛዪቱን ወስዶ ስለ ተፈጥሮ ያጠና ለነበረ አንድ ወጣት አሳየለት፤ በዚያም ምክንያት አማላጅ ተገኝቶ ላትሬይ ከእስራት ወጣ። አብረውት ታስረው የነበሩት በአንድ ወር ውስጥ አልቀዋል። ሰው ሁሉ ረግጦ የሚያልፋትን ጢንዚዛ ልብ ብሎ በማየቱ ነፍሱን ያተረፈው ይህ ሰው፣ በኋላ ጊዜ በነፍሳትና በሸረሪቶች ጥናት እጅግ የታወቀ ሊቅ ሆነ።

ወደ ሸረሪቲቱ እንመለስ ቢባል፣ አካሏ ከእግሮቿ በቀር 1 ሴንቲሜትር ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ እግሮቿ ሲዘረጉ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሰፋች ትመስላለች፤ ሰውም በሩቁ አይቶ የሚደነግጠው ስለዚህ ነው። ቀለሟ ቡናማና ግራጫ ሆኖ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ስላለበት፣ በቅርፊት ወይም በጭቃ ግድግዳ ላይ ጸጥ ብላ ስታርፍ ዐይን በቀላሉ አይለያትም። የብዙ ሸረሪቶች እግር ወደ ላይ እንደ ቀስት ታጥፎ አካላቸውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ የእርሷ እግሮች ግን እንደ ሸርጣን እግር ወደ ጐን የተኙ ናቸው። አካሏም ጠፍጣፋ ስለ ሆነ የቢላዋ ስለት እንጂ ሌላ ነገር የማይገባበት በሚመስል ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ትሠወራለች። ወፍ ወይም እንሽላሊት ሊከተላት አይችልም፤ የቀኑም ሙቀት አያገኛትም።

ዐይኖቿ ስምንት ናቸው። ስድስቱ በግንባሯ ፊት በአንድ ረድፍ ተሰልፈዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ከረድፉ ኋላ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ናቸው። አጕሊ መነጽር ያለው አስተማሪ ይህን አሰላለፍ ያስተውል፤ ምክንያቱም በአፍሪካ ቅርፊት ሥር የሚኖሩ ሌሎች ጠፍጣፋ ሸረሪቶች፣ ለምሳሌ ፕላቲዮይዴስ የሚባሉት፣ በመልክ እርሷን ይመስላሉ። ዝምድናቸው ግን የራቀ ነው። ሁለቱም በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሲኖሩ መኖሪያቸው አካላቸውን አንድ ዓይነት አደረገው፤ በአንድ ወንዝ ውስጥ የቆዩ ልዩ ልዩ ድንጋዮች አንድ ዓይነት ልሙጥነት እንደሚያገኙ ማለት ነው።

ተማሪዎች ሸረሪትን ከነፍሳት ወገን ሲቈጥሯት መታረም ይገባቸዋል። ዝንብ፣ ንብ፣ ጢንዚዛ፣ ፌንጣ ስድስት እግር አላቸው፤ በራሳቸውም ላይ ሁለት የመዳሰሻ ቀንዶች አሏቸው። ሸረሪት ግን ስምንት እግር አላት፤ መዳሰሻ ቀንድም ክንፍም የላትም፤ የቅርብ ዘመዶቿ ጊንጥና መዥገር ናቸው። ይህን ለማስረዳት ረጅም ትምህርት አያስፈልግም፤ አንዲት የሞተች ዝንብና አንዲት የሞተች ሸረሪት ጐን ለጐን በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

የሞተች ሸረሪት በተገኘች ጊዜ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። እግሮቿ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ተኰማትረው ይገኛሉ። ሰው ክንዱን የሚያጥፍበት አንድ ጡንቻ፣ የሚዘረጋበት ደግሞ ሌላ ጡንቻ አለው፤ በሸረሪት እግር ውስጥ ግን በዋናዎቹ መገጣጠሚያዎች የሚያጥፍ ጡንቻ እንጂ የሚዘረጋ የለም። እግሯን የምትዘረጋው በአካሏ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወደ እግሮቿ በኃይል በመግፋት ነው፤ ባዶ አቅማዳ ውሃ ሲሞላበት እንደሚወጠር ዓይነት ነው። ስትሞት ግፊቱ ይቀራል፤ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ብቻ ስለሚቀሩ እግሮቿ ይኰማተራሉ። በእግሮቿ ጫፍ ደግሞ ሁለት ጥፍሮችና ከጥፍሮቹ በታች የረቀቁ ጠጕሮች የበዙበት ጕፍታ አሉ፤ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳትወድቅ የምትሮጠው በእነዚህ ጠጕሮች ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጠፍጣፋዪቱ ሸረሪት ግን በዚህ ምሳሌ ውስጥ የለችበትም። ወጥመድ የሚሆን ድር አትሠራም፤ የምታድነውም ብቻዋን ነው። ድር መፍተል ሳትችል ቀርታ አይደለም፤ ለእንቍላሎቿ መሸፈኛ ትፈትላለች። ምግቧን ግን የምታገኘው በማድባትና በመዝለል ነው። ሌሊት ከስንጥቋ ወጥታ ጸጥ ብላ ትቆማለች፤ የእሳት ራት፣ ትንኝ፣ ትንሽ በረሮ ወይም የፌንጣ ወገን በአጠገቧ እስኪያልፍ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ትጠብቃለች። በእግሮቿ ላይ ያሉት ረቂቅ ጠጕሮች የአየሩን ትንሽ መናወጥ ሳይቀር ስለሚሰሙ፣ ታዳኙ ከፊቷ መምጣቱ ወይም ከኋላዋ መምጣቱ ለእርሷ ልዩነት የለውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው አዟዟሯ ነው። በ2018 ዓ.ም. ዩ ዜንግና ሳራ ክሩስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የዚህን ወገን ሸረሪቶች እጅግ ፈጣን በሆነ የፎቶግራፍ መሣሪያ እያነሡ ሲያድኑ ተመለከቱ። ታዳኙ በጐኗ ወይም በጀርባዋ በኩል በመጣ ጊዜ ሸረሪቲቱ ለታዳኙ ቅርብ የሆነውን አንዱን እግር ወደ እርሱ ዘርግታ ትተክለዋለች፤ ያ እግር እንደ ምሰሶ ይሆናል፤ በተቃራኒው በኩል ያሉት እግሮች ደግሞ መሬቱን እየገፉ አካሏን በሙሉ ያዞሩታል። ከመነሣቷ አንሥቶ ታዳኙን እስክትይዝ ድረስ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አንድ ስምንተኛ አያልፍም። የመዞሯ ፍጥነት በሰከንድ እስከ 3,000 ዲግሪ ደረሰ፤ በዚያው ፍጥነት ብትቀጥል ኖሮ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከስምንት ጊዜ በላይ ዙሪያዋን በዞረች ነበር። በእግሩ ኃይል በምድር ላይ ከሚዞር እንስሳ ሁሉ እስከዚያ ጊዜ ከተለካው ይህ የሚበልጠው ፍጥነት ሆኖ ተገኘ።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አስተዋሉ። ሸረሪቲቱ በምትዞርበት መካከል የተዘረጉትን እግሮቿን ወደ አካሏ ስትሰበስብ ፍጥነቷ ይጨምራል። ይህ ነገር በክፍል ውስጥ ያለ አንዳች ወጪ ሊታይ ይችላል። አስተማሪው ክንድ በሚያህል ክር ጫፍ ላይ ትንሽ ጠጠር ይሰር፤ ክሩን በዘረጋው ጣቱ ላይ አስሮ ጠጠሩን በዙሪያው አንድ ጊዜ ይወርውረው። ክሩ በጣቱ ላይ እየተጠመጠመ ሲያጥር፣ ማንም ሳይገፋው ጠጠሩ ዙሩን እያፈጠነ ሲሄድ ተማሪዎች በዐይናቸው ያያሉ። ክብደት ወደ መዞሪያው መካከል ሲቀርብ ዙሩ ይፈጥናል፤ የክሩም የሸረሪቲቱም ሕግ ይኸው ነው። (ጠጠሩ የማሽላ ፍሬ የሚያህል ብቻ ይሁን፤ ተማሪዎቹም ራቅ ብለው ይቁሙ።)

ታዳኙን ከያዘች በኋላ ነክሳ መርዟን ታገባበታለች፤ ከዚያም የሚፈጭ ፈሳሽ ከአፏ ታፈስበታለች፤ ሥጋው ሲቀልጥ ትመጠዋለች። ጥርስ ኖሯት የምታኝከው ነገር የለም። በግድግዳው ሥር ባዶ ቅርፊቱ የቀረ የእሳት ራት ወይም የትንኝ ገላ ተራግፎ ቢገኝ የእርሷ ማዕድ ትራፊ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ጫካ የሚኖሩት የዚሁ ወገን ሸረሪቶች ደግሞ ሌላ ጥበብ አላቸው። በ2015 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች በፓናማና በፔሩ 59 የሴሌኖፕስ ሸረሪቶችን ከረጃጅም ዛፎች አናት ላይ ወደ ታች ለቀቋቸው፤ ከመቶው 93ቱ እንደ ድንጋይ ዝም ብለው አልወደቁም፤ በአየር ላይ ተገልብጠው ጠፍጣፋ አካላቸውንና እግሮቻቸውን ዘርግተው አቅጣጫቸውን በመምራት ወደ ዛፉ ግንድ ተመለሱ። ክንፍ የሌለው ፍጥረት በአየር ላይ መንገዱን ሊመራ መቻሉ ሊቃውንቱን እጅግ አስገርሟቸዋል።

እንቍላሏን የምትጥልበት ከረጢት ክብና ጠፍጣፋ፣ ነጭና እንደ ወረቀት ያለ ነው፤ በቅርፊት ወይም በግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ልጆች ሻጋታ ወይም የተለጠፈ ወረቀት መስሏቸው ይልጡታል። የተፈለፈሉት ልጆቿ ቆዳቸውን በየጊዜው እየገፈፉ ያድጋሉ፤ ሸረሪት ከነእግሯ ደርቃ የሞተች የምትመስለው ብዙ ጊዜ ይህ የተገፈፈ ቆዳ ነው። ጠላቶቿም ብዙ ናቸው፤ እንሽላሊትና ወፍ ይበሏታል፤ ሸረሪት አዳኝ የሆኑ ተርቦችም አሉ። እነዚህ ተርቦች ሸረሪትን ወግተው ያደነዝዙና በላይዋ ላይ አንድ እንቍላል ይጥላሉ፤ የተርቡም ልጅ በሕይወት ያለችውን ሸረሪት እየበላ ያድጋል። ይህ ለመስማት የሚከብድ ቢሆንም የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ ለትንንሾቹ ተማሪዎች ግን ባይነገር ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ክሱ እንምጣ። ሸረሪት እንደ ከብት ወይም እንደ ሰው ያለ ሽንት የላትም። ከአካሏ የሚወጣው ቆሻሻ ነጭ ሆኖ የተጠጋጋ፣ ውሃ እጅግ ያነሰበት ነገር ነው፤ ውሃዋን ለመቈጠብ የተሰጣት ተፈጥሮ ነው። የወፍ ኵስ የሚነጣበትም ምክንያት ለዚህ ቅርብ ነው። በግድግዳ ላይ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ይህ ነው፤ የሰውንም ቆዳ አያቃጥልም። የሸረሪቲቱን መርዝ በተመለከተ ደግሞ፣ ሸረሪቶች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ነፍሳትን የሚያደነዝዙበት መርዝ አላቸው፤ የጠፍጣፋዪቱ መርዝ ግን በሰው ላይ ጕዳት የሚያደርስ ሆኖ አይታወቅም። ሰውም ሲቀርባት ትሸሻለች እንጂ አትጋፈጥም። ይህ ማለት ልጆች ሸረሪትን ሁሉ በእጃቸው ይያዙ ማለት አይደለም፤ በአፍሪካ ነክሰው ሰውን የሚያሳምሙ ሌሎች ሸረሪቶች አሉና።

ታዲያ ቃጠሎው ከየት መጣ? በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለውን ቃጠሎ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ፔዴሩስ የሚባል ጢንዚዛ ነው። በኬንያ «የናይሮቢ ዝንብ» ይሉታል፤ ዝንብ ግን አይደለም። ቀጭንና ረዘም ያለ ሆኖ ከ7 እስከ 10 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሲያዩት ጕንዳን ይመስላል። ራሱ ጥቁር ነው፤ አንገትጌው እንደ ብርቱካን ቀላ ያለ ነው፤ በጀርባው ላይ አጭር ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ክዳን አለ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሆዱ እንደ ገና ቀላ ብሎ ጫፉ ይጠቁራል። ሲነኩት እንደ ጊንጥ ጅራቱን ወደ ላይ ያነሣል። አይናከስም፤ አይወጋም። ነገር ግን በአካሉ ፈሳሽ ውስጥ ፔዴሪን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ፤ ይህንንም በ1953 ዓ.ም. በኢጣልያ የሚገኙ ሊቃውንት ለይተው አወጡት። ጢንዚዛው በቆዳ ላይ በተፈጨ ጊዜ ፈሳሹ ይወጣና ያቃጥላል።

ሰው በሸረሪት የሚፈርደውም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የጊዜው ርቀት ነው። ቃጠሎው ወዲያው አይታይም፤ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ያህል ከቆየ በኋላ ይቀላል፤ ከዚያም ውሃ ይቋጥራል። ሰውየው ማታ አንገቱ ላይ የዳበሰውን ትንሽ ነገር በዚያ ጊዜ ረስቶታል፤ የተፈጨውም ጢንዚዛ ወድቆ ጠፍቷል። ሁለተኛው ምክንያት ኩራዙ ወይም ፋኖሱ ነው። ጢንዚዛው የሌሊት ብርሃን ይስበዋል፤ የእሳት ራቱንና ትንኙንም እንዲሁ ይስባቸዋል፤ ሸረሪቲቱ ደግሞ እነዚህን ልትይዝ ወደ መብራቱ አጠገብ ትመጣለች። አቃጣዩና አዳኟ በአንድ ብርሃን ዙሪያ ይገናኛሉ፤ ጧት ግን በስፍራው የምትገኘው አዳኟ ብቻ ናት። ሌባው በሌሊት ሸሽቶ በሩ ላይ የቆመ ዘበኛ ቢያዝ እንደ ማለት ነው።

ቍስሉም ራሱ ይመሰክራል። የጢንዚዛው ቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መስመር ረዘም ያለ ነው፤ እጅ ጢንዚዛውን እየፈጨ ያለፈበትን መንገድ ያሳያል። በክንድ መታጠፊያ ላይ ከሆነ ክንዱ ሲታጠፍ በሚገናኙት በሁለቱም ወገን አንዱ የሌላውን መልክ የያዘ ሁለት ቍስል ይወጣል። ፈሳሹ በእጅ ተወስዶ ወደ ዐይን የገባ እንደ ሆነ ዐይኑ ቀልቶ እጅግ ያብጣል። ጢንዚዛው እርጥብ ምድርና ረግረግ ስለሚወድ ብዙ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ይበዛል፤ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ ታላቅ ዝናብ ሲዘንብ በኬንያ ብዙ ሰዎች በዚህ ቃጠሎ ታመዋል። ያም ሆኖ ጢንዚዛው በእርሻ ውስጥ ሰብል የሚያጠፉ ትንንሽ ነፍሳትን የሚበላ ስለ ሆነ ለገበሬው ይጠቅማል፤ እርሱንም ቢሆን በየሜዳው እያሳደዱ ማጥፋት አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው አያያዙን ማወቅ ነው። ጢንዚዛው በአካል ላይ ባረፈ ጊዜ በእጅ መምታትም ማሸትም አይገባም፤ እፍ ብሎ ማባረር ወይም በወረቀት ማንሣት ነው። ሳይታወቅ የተፈጨ እንደ ሆነ ያ ስፍራ ወዲያው በውሃና በሳሙና በብዙ ይታጠብ፤ እጅም ይታጠብ፤ እጅ ሳይታጠብ ዐይን አይነካ። ልብሱና የአልጋው ልብስ ይታጠቡ። ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ፤ ቅጠልም አመድም አይደረግበት፤ ከቃጠሎው ይልቅ የሚከፋው በቆሸሸ ነገር ምክንያት ቍስሉ ሲያመረቅዝ ነውና። ካልተመረዘ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል፤ ስፍራው ግን ለጥቂት ወራት ጠቆር ብሎ ሊቆይ ይችላል። ዐይን የተነካበት፣ ትኵሳት ያለው ወይም ቍስሉ የሰፋበት ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ ነገር ለይተው እንዲያውቁ ይገባል። በአንድ ወገን ብቻ፣ በጐድን ወይም በግንባር ላይ እንደ መቀነት ተከትሎ የሚወጣ፣ ከመውጣቱ አስቀድሞ ብርቱ ሕመም ያለው ውሃ የቋጠረ ቍስል አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ነው። ይህም በብዙ ስፍራ በሸረሪት ይሳበባል፤ ከሸረሪትም ከጢንዚዛም አይደለም፤ በአካል ውስጥ ተደብቆ ከቆየ ተሕዋስ የሚነሣ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች በብዛት ይታመሙበታል፤ መድኃኒቱም ቍስሉ በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ቢጀመር እጅግ ይሠራል። «ሸረሪት ናት፣ ያልፋል» ተብሎ በቤት የሚቆይበት እያንዳንዱ ቀን ለበሽተኛው ጕዳት ነው።

ስለ ሸረሪቲቱ ጥቅም ሲነገር ማጋነን አይገባም። የሌሊት ነፍሳትን ትበላለች ማለት ወባን ታስቀራለች ማለት አይደለም፤ አጎበርንም አትተካም። አጎበሩ ወባ አምጪዋን ትንኝ ብቻ ሳይሆን ጢንዚዛውንም ስለሚከለክል፣ ጫፉ ከመኝታው ሥር በደንብ ተወትፎ ቢዘረጋ ለሁለቱም ይጠቅማል። መብራቱም ከልጆች መኝታ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ጢንዚዛው ወደ ፊታቸው አይመጣም።

አስተማሪው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ጠፍጣፋ ሸረሪት ባገኘ ጊዜ ሳይገድላት ሊያሳያት ይችላል። ሰፊ አፍ ያለው ብርጭቆ ቀስ ብሎ በላይዋ ላይ ይድፋ፤ ከብርጭቆውና ከግድግዳው መካከል ጠንካራ ወረቀት ያሾልክ፤ እንዲህ ሲያደርግ ሳትጐዳ ትያዛለች። ተማሪዎች እግሮቿን ይቍጠሩ፤ የዐይኖቿን ረድፍ ይፈልጉ፤ ከጐን ሲያዩዋት ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነች በደብተራቸው ይሣሉ። ከዚያም በተያዘችበት ስንጥቅ አጠገብ ትለቀቅ። ግድግዳው በሚለሰንበት ወይም ኖራ በሚቀባበት ጊዜ ክብ ነጩ የእንቍላል ከረጢት ከተገኘ፣ ልስኑ ሳይሸፍነው በዙሪያው ጥቂት ስፍራ ይተውለት፤ ልጆቿ ወጥተው ባዶው ከረጢት ሲቀርም ተማሪዎች አውርደው ሊመረምሩት ይችላሉ።